የካርድ ሽልማትና የባንክ ጉርሻ በወጪያቸው ሲመዘኑ

የክሬዲት ካርድ ሽልማት ካርዱን ያወጣው ባንክ ደንበኛው ከገዛበት ገንዘብ ጥቂቱን መልሶ የሚሰጥበት አሠራር ነው። ተመላሹ አንዳንዴ በጥሬ ገንዘብ፣ አንዳንዴ በነጥብ፣ አንዳንዴም በበረራ ማይል ይከፈላል። የባንክ ሂሳብ ጉርሻ ደግሞ አዲስ ሂሳብ ለሚከፍት፣ ደመወዙን በቀጥታ ወደዚያ ለሚያስገባ፣ ወይም የተወሰነ ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ ሳይነካ ለሚያስቀምጥ ሰው የሚሰጥ የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። ሁለቱም በስፋት የሚሠራባቸው በአሜሪካ ስለሆነ ይህ ዳሰሳ በዋናነት የሚያየው የዚያን አገር ገበያ ነው፤ አውሮፓ፣ አውስትራሊያና ኢትዮጵያ የሚነሡት ለማነጻጸሪያ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «የትኛው ካርድ የበለጠ ይሰጣል?» ተብሎ ነው። ባንክ ግን ለአንዱ ደንበኛ የሚመልሰውን ገንዘብ ቀድሞ ከሌላ ደንበኛ፣ ከነጋዴ ወይም ከዚያው ሰው ሌላ ኪስ ሰብስቦታል። ስለዚህ የሽልማቱ መጠን ከመታየቱ በፊት ምንጩ መታወቅ አለበት።

ወለዱ ቀደመ፣ ሽልማቱ ተከተለ

ካርድ ከሽልማት በብዙ ዓመት ይቀድማል። ዳይነርስ ክለብ በ1950 በኒው ዮርክ ሲጀመር ለአባላቱ የሚሸጠው ምቾትን ነበር፤ ጥሬ ገንዘብ ሳይዙ ምግብ ቤት ገብቶ መብላትን። በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ከተማ 60,000 ያህል ካርዶችን ማንም ሳይጠይቀው ለነዋሪዎች በፖስታ አደለ። በ1976 ቪዛ የሚለውን ስም ያገኘው ይህ ካርድ ነው። በእነዚያ ዓመታት ካርድ ማውጣት ባንኮችን እምብዛም የሚያጓጓ ንግድ አልነበረም። ብዙዎቹ ግዛቶች በወለድ ላይ ጣሪያ ስለጣሉ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የዋጋ ንረት ሲያሻቅብ ባንኮቹ ራሳቸው ገንዘብ የሚያገኙበት ወጪ ለደንበኛው ከሚያበድሩበት ወለድ ጋር እየተቀራረበ፣ አልፎም እየበለጠ ሄደ።

መንገዱን የከፈተው በ1978 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው። በብሔራዊ ፈቃድ የሚሠራ ባንክ፣ ደንበኛው በየትኛውም ግዛት ቢኖር፣ የራሱ መቀመጫ በሆነው ግዛት የተፈቀደውን ወለድ ማስከፈል ይችላል ተባለ። ደቡብ ዳኮታ በ1980 የወለድ ጣሪያዋን አነሣች፤ ሲቲባንክም የካርድ ሥራውን ከኒው ዮርክ ወደዚያው አዛወረ። በዓመቱ ደላዌር ተከተለች። ከዚያ በኋላ ትርፉ በደንበኛ ቁጥር የሚያድግ ሆነና ባንኮች ለደንበኛ ይሻሙ ጀመር። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 የጀመረው የተመላላሽ ተጓዦች ማይል በ1987 ከሲቲባንክ ካርድ ጋር ተጣመረ። የሲርስ ኩባንያ የሆነው ዲስከቨር ካርድ ደግሞ በ1986 ዓመታዊ ክፍያ ሳይጠይቅና ከግዢው ላይ ጥቂት ገንዘብ እየመለሰ በመላ አገሪቱ ወጣ። ሽልማት የተወለደው ማበደር አትራፊ ከሆነ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ዛሬም ሁለቱ አልተለያዩም።

ከፋዩ ማን ነው?

የመጀመሪያው ምንጭ ነጋዴው ነው። ደንበኛ በ100 ዶላር ዕቃ ሲገዛ ነጋዴው እጅ የሚገባው 97 ወይም 98 ዶላር ያህል ነው። ከተቀነሰው ውስጥ ትልቁ ድርሻ ኢንተርቼንጅ የሚባለው፣ ካርዱን ላወጣው ባንክ የሚሄደው ክፍያ ነው። ብዙ ሽልማት የሚሰጡ ባለ ከፍተኛ ደረጃ ካርዶች ከተራዎቹ የበለጠ ኢንተርቼንጅ ያስከፍላሉ፤ ነጋዴው ግን ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ከተቀበለ በኋላ ይህን ካርድ እቀበላለሁ፣ ያንን አልቀበልም ብሎ መምረጥ በተለምዶ አይችልም። በዋሽንግተን አቅራቢያ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ አነስተኛ ካፌ ያለው ሐበሻ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከመቶኛው ሌላ በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ጥቂት ሳንቲሞች ይታሰባሉና፣ በ3 ዶላር ማኪያቶ ላይ 10 ሳንቲም ብቻውን ከ3 በመቶ ይበልጣል። በካፌው መስኮት ላይ «ከ10 ዶላር በታች ካርድ አንቀበልም» የሚል ወረቀት የሚለጠፈውም ለዚህ ነው። የ2010 የፋይናንስ ሕግ ነጋዴዎች ለክሬዲት ካርድ እስከ 10 ዶላር የሚደርስ ዝቅተኛ ወለል እንዲያወጡ ይፈቅዳል። ነዳጅ ማደያዎች ሁለት ዋጋ፣ አንዱን ለጥሬ ገንዘብ ሌላውን ለካርድ፣ የሚለጥፉበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አብዛኛው ነጋዴ ግን ሁለት ዋጋ አይለጥፍም። የካርዱን ወጪ በሁሉም ዕቃ ላይ ጨምሮ ሁሉንም ያስከፍላል። ስለዚህ 2 በመቶ ተመላሽ የሚያገኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስመልሰው በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ የከፈለውን ነው፤ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ሰው ደግሞ ያንኑ ዋጋ ከፍሎ ምንም አይመለስለትም። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ግምት መሠረት፣ በጥሬ ገንዘብ የሚገበያይ አንድ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች ያስተላልፋል፤ በካርድ የሚገበያየው ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር ይደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ከፌዴራል ሪዘርቭና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት የመጡ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ትኩረቱን ካርድ በያዙት ሰዎች መካከል ባለው ዝውውር ላይ አድርጎ፣ በዓመት ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር ገቢያቸውና ትምህርታቸው ዝቅ ካሉ አካባቢዎች ወደ ተሻሉት እንደሚሻገር ገምቷል።

ሽልማቱ በነጋዴው ክፍያ ላይ የቆመ መሆኑን ከጥናት ይልቅ የሕግ ለውጦች አሳይተዋል። አውስትራሊያ በ2003 ኢንተርቼንጅን በደንብ ስትቀንስ የካርዶቿ ነጥብ ሳሳ። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ክፍያውን ለዴቢት 0.2፣ ለክሬዲት 0.3 በመቶ ላይ ሲያቆመው ለጋስ ሽልማት የሚከፈልበት ገንዘብ አልተረፈም። በአሜሪካ ራሷ እስከ 2011 ብዙ ዴቢት ካርዶች ነጥብ ይሰጡ ነበር። የደርቢን ማሻሻያ የሚባለው ሕግ፣ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ባላቸው ባንኮች ዴቢት ካርድ ላይ በአማካይ 44 ሳንቲም የነበረውን ክፍያ ወደ 21 ሳንቲምና ጥቂት ክፋይ ሲያወርደው፣ የዴቢት ሽልማት በአንድ ጊዜ ከገበያው ጠፋ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምንጭ ዕዳውን በየወሩ የሚያሻግረው ደንበኛ የሚከፍለው ወለድና ቅጣት ነው። ሦስተኛው ዓመታዊ የካርድ ክፍያ ነው። በጉዞ ካርዶች ላይ አየር መንገዶችም ይገቡበታል፤ ማይሉን ለባንኩ በጅምላ ይሸጣሉ። ዴልታ በ2024 ብቻ ከአሜሪካን ኤክስፕረስ 7.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል አግኝቷል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር መበደር ችሏል። አበዳሪዎች አውሮፕላን ሳይሆን ማይል በመያዣነት መቀበላቸው፣ ትርፉ የቱ ጋ እንዳለ በግልጽ ይናገራል።

ወለድ ባለበት ሽልማት የለም

ካርድ ለሚይዝ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ወርሃዊ ሂሳቡን ሙሉ በሙሉ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው። የአሜሪካ ክሬዲት ካርዶች አማካይ ወለድ ከ2023 ጀምሮ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ቆይቷል፤ በዚያው ዓመት የአገሪቱ ሕዝብ የካርድ ዕዳ ለመጀመሪያ ጊዜ 1 ትሪሊዮን ዶላርን አለፈ።

በ22 በመቶ ወለድ 4,000 ዶላር የሚሻገርበት ሰው በወር 73 ዶላር ያህል ወለድ ይታሰብበታል። ያንኑ 4,000 ዶላር 2 በመቶ በሚመልስ ካርድ ገዝቶበት ከሆነ ያገኘው ሽልማት 80 ዶላር ነው፤ አምስት ሳምንት ሳይሞላ ወለዱ ይጨርሰዋል። በሦስት ወር 4,000 ዶላር ላጠፋ አዲስ ደንበኛ 60,000 ነጥብ የሚሰጥ ካርድም ቢሆን ብዙ አይርቅም። ነጥቡ በአንድ ሳንቲም ሲተመን 600 ዶላር ይሆናል፤ ዕዳው ሳይነካ ከቆየ ግን በዘጠነኛው ወር ወለዱ ከጉርሻው ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ኪሳራ ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። ሙሉ የሚከፍል ሰው ከግዢው እስከ ክፍያው ቀን ድረስ ወለድ አይታሰብበትም። አንድ ወር ጥቂት ዶላር ካሻገረ ግን ይህ ዕፎይታ ይቀራል፤ ቀጣዮቹ ግዢዎች ከተፈጸሙበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራሉ። በወረቀቱ ላይ የሚታየው ዝቅተኛ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ከወለዱ ሌላ የዕዳውን 1 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚቀንስ፣ እሱን ብቻ እየከፈሉ ዕዳ መጨረስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ በየወሩ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ ያስገደደው የ2009 የካርድ ሕግ ነው። ያው ሕግ መግለጫው ከመክፈያው ቀን 21 ቀን አስቀድሞ እንዲላክ፣ ለአዲስ ግዢ የሚታሰበው ወለድ ሲጨመርም የ45 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል።

የቤት ዕቃና የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች የሚሰጧቸው «ለ12 ወር ያለ ወለድ» የሚሉ ካርዶች በተለይ ጥንቃቄ ይሻሉ። በብዙዎቹ ውል መሠረት ወለዱ ለጊዜው ተላለፈ እንጂ አልተሰረዘም። በ12ኛው ወር ማብቂያ 50 ዶላር እንኳ ቢቀር፣ የዓመቱ ሙሉ ወለድ ከመጀመሪያው ቀን ታስቦ በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ዕዳ በማያሻግረው ሰው ላይም ካርዱ ሌላ ጫና አለው። በ2001 የታተመ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሙከራ ተማሪዎችን ለቦስተን ሴልቲክስ ጨዋታ ትኬት አጫረተ። በካርድ እንዲከፍሉ የተነገራቸው በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍሉት እስከ እጥፍ የሚደርስ ዋጋ ሰጡ። የዕለት አስቤዛ በዚህ ልክ አይለጠጥም። ቢሆንም በዓመት 20,000 ዶላር በካርድ የሚያጠፋ ሰው በ2 በመቶ የሚያገኘው 400 ዶላር ነው፤ ካርዱ ወጪውን በዚያችው 2 በመቶ ካሰፋበት ሽልማቱ ላላሰበው ዕቃ ሄዷል።

የነጥብ ዋጋና የዓመታዊ ክፍያ ሂሳብ

ወለድ የማይከፍል ሰው ቀጥሎ የሚያሰላው ዓመታዊ ክፍያው ይመልሳል ወይ የሚለውን ነው። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ክፍያ የሌለውና በሁሉም ግዢ ላይ 2 በመቶ የሚመልስ ተራ ካርድ እንጂ ባዶ እጅ አይደለም። በዓመት 95 ዶላር እየተከፈለበት በሱፐርማርኬት 6 በመቶ የሚመልስ ካርድ ከተራው የሚበልጠው በ4 በመቶ ነው። 95 ዶላሩን ለመመለስ ብቻ በዓመት 2,375፣ በወር ወደ 200 ዶላር አስቤዛ ያስፈልጋል። ጣሪያው 6,000 ዶላር ከሆነ ደግሞ ከፍተኛው ትርፍ በዓመት 145 ዶላር ነው። ሱፐርማርኬት ምን እንደሆነ የሚወስነውም ገዢው አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሱቅ የተሰጠ ባለ አራት አኃዝ ኮድ ነው። ትልልቅ የጅምላ መደብሮች ብዙ ጊዜ ከዚህ ውጭ ናቸው፤ በርበሬና ጤፍ የሚሸጠው የሰፈር ሱቅም በሌላ ኮድ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል።

በላይኛው ደረጃ ያሉ ካርዶች ሂሳቡን ያወሳስቡታል። ቼስ ሳፋየር ሪዘርቭ በ2016 በ450 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ወጥቶ በ2025 ወደ 795 አድጓል፤ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም በዚያው ዓመት ከ695 ወደ 895 ከፍ ብሏል። ጭማሪው የሚካካሰው በወርና በግማሽ ዓመት በተከፋፈሉ ቅናሾች ነው ይባላል፤ ለዚህ ሆቴል ይህን ያህል፣ ለዚያ የምግብ ማድረሻ ያን ያህል። ቅናሾቹ የተከፋፈሉት አንዳንዱ እንዲረሳ ነው ብሎ መጠርጠር ስሕተት አይሆንም። አንድ ቅናሽ የሚያወጣው በላዩ የተጻፈበትን ዋጋ ሳይሆን ካርዱ ባይኖር ሰውየው ለዚያ ነገር ከኪሱ ያወጣ የነበረውን ነው። ካርዱ በሚያስገባው የአውሮፕላን ጣቢያ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል በዓመት ሁለቴ ለሚገባ ሰው ጥቅሙ ሁለት ቁርስ ነው።

የነጥብ ዋጋም እንዲሁ ነው። በ5,000 ዶላር የሚሸጥ የቢዝነስ ክፍል ወንበር በነጥብ ያገኘ ሰው 5,000 ዶላር አተረፍኩ ሊል ይችላል። ያንን ወንበር በገንዘቡ ፈጽሞ የማይገዛ ከነበረ ግን ያተረፈው ይገዛ የነበረውን የኢኮኖሚ ትኬት ዋጋና ጥቂት ምቾት ነው።

ከዋሽንግተን ደላስ ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለሰው የኢትዮጵያ ተወላጅ ማይል እውነተኛ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ፣ ከራሱ ከሼባማይልስ ሌላ የዩናይትድና የኤር ካናዳ ማይሎችም ለበረራው ያገለግላሉ፤ እነዚህን ማይሎች ደግሞ ከአሜሪካ ባንኮች ነጥብ መለወጥ ይቻላል። ችግሩ ወንበሩ ነው። በማይል የሚሰጡ ወንበሮች የተወሰኑ በመሆናቸው ቤተሰብ ሊሄድ በሚፈልግባቸው በገናና በጥምቀት ሰሞን፣ እንዲሁም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በአሜሪካ በጋ፣ አራት ወንበር በአንድ አውሮፕላን ላይ ማግኘት ይከብዳል።

ነጥብ ሳይጠቀሙበት ሲቀመጥም ይረክሳል። ዴልታ በ2015፣ ዩናይትድ በ2019 የማይል ዋጋ ሰንጠረዣቸውን አንሥተው ዋጋውን እንደ ፍላጎቱ የሚለዋወጥ አደረጉት። የማይሉ አታሚም፣ ዋጋ ተማኝም፣ ደንብ አውጪም ያው አየር መንገድ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስቴር በመስከረም 2024 ስለዚሁ ጉዳይ ከአራት ታላላቅ አየር መንገዶች ማብራሪያ ጠይቋል። ጥሬ ገንዘብ የሚመልስ ካርድ ብዙ አያስደንቅም፤ ነገር ግን ዋጋው በሌላ ሰው ውሳኔ በአንድ ሌሊት አይቀንስም። ብዙ ለማይጓዝ ሰው የተሻለው እሱ ነው።

በጉዞ ላይ ሌሎች ወጪዎች ይመጣሉ። ብዙ ካርዶች ከአሜሪካ ውጭ በሚደረግ ግዢ ላይ 3 በመቶ ይጨምራሉ፤ አዲስ አበባ ሆቴል የተከፈለበት ካርድ 2 በመቶ መልሶ 3 በመቶ ወስዷል ማለት ነው። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ወዲያውኑ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይቆረጣል፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል፣ ነጥብም አይሰጥም። በክሬዲት ካርድ ወደ አገር ቤት ገንዘብ ሲላክም ብዙ ባንኮች የሚቆጥሩት እንደ ግዢ ሳይሆን እንደዚሁ እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው።

ክሬዲት ካርድ ከሽልማቱ ውጭ ያለው አንድ ጥቅም ግን ወጪ የለውም። ካርዱ ተሰርቆ ቢሠራበት በፌዴራል ሕግ የባለቤቱ ኃላፊነት ከ50 ዶላር አያልፍም። በዴቢት ካርድ ቶሎ ካልተነገረ ኃላፊነቱ ወደ 500 ዶላር፣ መግለጫው ከተላከ 60 ቀን ካለፈ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። የወጣውም ገንዘብ የራሱ የባለ ሂሳቡ ነው።

የባንክ ሂሳብ ጉርሻ

እዚህ ወጪው ወለድ መክፈል ሳይሆን ወለድ ማጣት ነው። 15,000 ዶላር ለ90 ቀን ላስቀመጠ 300 ዶላር የሚሰጥ ባንክ ይኑር። ያው ገንዘብ 4 በመቶ በሚከፍል የቁጠባ ሂሳብ ቢቀመጥ በ90 ቀን 148 ዶላር ያህል ይወልድ ነበር። እውነተኛው ጥቅም 152 ዶላር ነው። የ22 በመቶ ግብር ከሁለቱም ወገን ሲቀነስ 119 ዶላር ገደማ ይቀራል። መጥፎ አይደለም፤ ግን 300 ዶላር አይደለም።

ግብሩ የሚነሣው የባንክ ጉርሻ እንደ ወለድ ገቢ ተቆጥሮ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ስለሚደረግ ነው። በግዢ የሚገኝ የካርድ ሽልማት ግን እንደ ዋጋ ቅናሽ ስለሚታይ በተለምዶ ግብር የለበትም። በ2021 የአሜሪካ የግብር ፍርድ ቤት የስጦታ ካርድ እየገዙ ከ300,000 ዶላር በላይ ሽልማት የሰበሰቡ ባልና ሚስትን ጉዳይ ሲያይ፣ በስጦታ ካርዶቹ ግዢ የተገኘው ግብር የለበትም ብሎ፣ መኒ ኦርደር በመግዛትና ዴቢት ካርድ በቀጥታ በመሙላት የተገኘውን ግን ገቢ ነው ብሏል። ዕቃ በተገዛበትና ገንዘብ በገንዘብ በተለወጠበት መካከል መስመር መኖሩን ፍርዱ አሳይቷል።

ደመወዝ በቀጥታ እንዲገባ የሚጠይቁ ጉርሻዎች ትልቅ ገንዘብ ማሰር ስለማይፈልጉ ለብዙ ሠራተኛ ይሻላሉ። ሆኖም ባንኩ ዳይሬክት ዲፖዚት የሚለው ከአሠሪ ወይም ከመንግሥት የሚመጣውን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከታክሲ መተግበሪያ ለሾፌር የሚገባ ክፍያ ሊቆጠርም ላይቆጠርም ይችላል። ሂሳቡ ከስድስት ወር በፊት ከተዘጋ ጉርሻውን የሚያስመልስ ውልም የተለመደ ነው። ሂሳቡ በዕዳ ላይ እያለ ከተዘጋ ደግሞ ቼክስሲስተምስ በሚባለው መዝገብ እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፤ ሌላ ባንክ በዚያ ምክንያት በር ሊዘጋ ይችላል።

ከጉርሻው በኋላ የሚመጣው ወርሃዊ ክፍያ ከጉርሻው በላይ ሊመዝን ይችላል። ታላላቆቹ ባንኮች ለተራ ቼኪንግ ሂሳብ በወር ከ12 እስከ 15 ዶላር ያስከፍላሉ፤ ደመወዝ ከገባ ወይም 1,500 ዶላር ያህል ሳይነካ ከተቀመጠ ይቀራል። 1,500 ዶላር በዜሮ ወለድ ማስቀመጥ በ4 በመቶ ሲታሰብ በዓመት 60 ዶላር ያሳጣል፤ 144 ዶላር ከመክፈል ይሻላል፣ ክፍያ ከሌለው ሂሳብ ግን አይሻልም። በቁጠባ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። በ2023 እና በ2024 አንዳንድ ታላላቅ ባንኮች ለተራ ቁጠባ 0.01 በመቶ ሲከፍሉ በኢንተርኔት የሚሠሩ ባንኮች ከ4 በመቶ በላይ ይከፍሉ ነበር፤ በ10,000 ዶላር ላይ በዓመት የ1 ዶላርና የ400 ዶላር ልዩነት ነው። ሁለቱም ወገን እስከ 250,000 ዶላር በፌዴራል መድን የተጠበቀ ነው። ለ200 ዶላር ጉርሻ ብሎ ቁጠባውን ሁሉ ወደ 0.01 በመቶ ያዛወረ ሰው ጉርሻውን በየዓመቱ እየመለሰ ነው።

ኦቨርድራፍት፣ በሂሳቡ ካለው ገንዘብ በላይ ሲወጣ የሚቆረጠው፣ ደግሞ ድሃውን የሚጎዳው ክፍያ ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው መጠን በአንድ ጊዜ 35 ዶላር ነበር። ካፒታል ዋንና ሲቲባንክ ጨርሰው ትተውታል፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በ2022 ወደ 10 ዶላር አውርዶታል። ከ2010 ጀምሮ ባንክ ለኤቲኤምና ለአንድ ጊዜ የዴቢት ግዢ ይህን ክፍያ ማስከፈል የሚችለው ባለ ሂሳቡ አስቀድሞ ከተስማማ ብቻ ነው፤ ሂሳብ ሲከፈት በጥድፊያ የሚፈረመው ወረቀት አንዱ ይህ ነው። ቼክና ከሂሳብ በቀጥታ የሚቆረጡ ክፍያዎች ግን በዚህ ጥበቃ አይሸፈኑም።

የማይታዩ ወጪዎች

ብዙ ካርድ የሚያወጣ ሰው ክሬዲት ስኮሩም፣ አበዳሪዎች ተበዳሪን የሚመዝኑበት ነጥብ፣ ሊነካ ይችላል። ስኮሩ በሚሰላበት በፋይኮ ቀመር 35 በመቶው በወቅቱ መክፈል፣ 30 በመቶው የዕዳው መጠን፣ 15 በመቶው የታሪኩ ርዝመት፣ ቀሪው አዲስ ብድርና የብድር ዓይነት ነው። በወቅቱ ለሚከፍል ሰው አንድ አዲስ ካርድ የሚያስከትለው ቅናሽ ትንሽና ጊዜያዊ ነው። ቤት ሊገዛ የተዘጋጀ ሰው ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። በ400,000 ዶላር የ30 ዓመት ብድር ላይ ስኮሩ በመውረዱ ወለዱ ከ6.5 ወደ 6.75 በመቶ ቢወጣ ወርሃዊ ክፍያው በ66 ዶላር፣ በዓመት ወደ 800 ዶላር ይጨምራል። ይህን የሚክስ የካርድ ጉርሻ ጥቂት ነው። የቤት ብድር በሚጠየቅበት ዓመት አዲስ ካርድ አለማውጣት ይሻላል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ በስፋት የሚሠራበት ዴቢት ካርድና የሞባይል ገንዘብ ስለሆነ የነጥብ ጨዋታው አልደረሰም። የባንክ ማባበያ ግን አለ። ባንኮች «ይቆጥቡ ይሸለሙ» እያሉ ለቆጣቢዎች፣ አንዳንዴም ከውጭ የተላከ ገንዘብ ለሚቀበሉ፣ መኪናና ሌላ ሽልማት በዕጣ ያወጣሉ። የዚህ ወጪው የዋጋ ንረት ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ በነበረበት በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 7,000 ብር ወለድ ቢያገኝም ገንዘቡ የሚገዛው ዕቃ በእጅጉ ቀንሷል። ዕጣው የደረሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ንረቱ የደረሰው ሁሉም ነው። ከውጭ ለሚልክ ሰውም ከዕጣ ቁጥሩ በፊት የሚታየው የላኪው ድርጅት ክፍያና የምንዛሪ ዋጋ ነው። በ500 ዶላር ላይ የ2 በመቶ የምንዛሪ ልዩነት 10 ዶላር ነው፤ ይህ በየወሩ ሲደጋገም በዓመት 120 ዶላር ይሆናል።

ሕጉ ያለበት ደረጃ

የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2024 የታላላቅ ካርድ አውጪዎችን የመዘግየት ቅጣት ወደ 8 ዶላር፣ የታላላቅ ባንኮችን ኦቨርድራፍት ወደ 5 ዶላር ሊያወርዱ የታሰቡ ሁለት ደንቦችን አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያውን በሚያዝያ 2025 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። ሁለተኛው በዚያው ጸደይ በኮንግረስ ውሳኔና በፕሬዚዳንቱ ፊርማ ተሰረዘ። ባንኮች በራሳቸው ፈቃድ ካልቀነሱ በቀር ከ30 ዶላር በላይ የሆነ የመዘግየት ቅጣትና 35 ዶላር ኦቨርድራፍት ዛሬም ሕጋዊ ናቸው፤ አንድ የረሱት ክፍያ በ2 በመቶ ካርድ የ1,500 ዶላር ግዢ ሽልማትን ይወስዳል።